«ደበረኝ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ልጆች ስሜታቸውን እንዲያውቁና ከሰው ጋር እንዲግባቡ በክፍልና በቤት ማስተማር

የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከጎኑ ያለው ተማሪ ሳይጠይቀው እርሳሱን ወሰደበት እንበል። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት፣ ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ልጅ ባለበት ትምህርት ቤት ይህ በቀን ስንቴ እንደሚያጋጥም አስተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ሊማታ ይችላል። ሊሳደብ፣ «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ሊጮህ፣ አኩርፎ ዴስኩ ላይ ሊደፋም ይችላል። ወይም ደግሞ «ሳትጠይቀኝ ስትወስድ ተናደድኩ፤ መልስልኝ፣ ስትፈልግ ጠይቀኝ» ይላል። ይህን የመጨረሻውን ይዞት የሚወለድ ልጅ የለም። ማባዛትን እንደሚማረው ነው የሚማረው፦ አንድ ሰው አሳይቶት፣ ደጋግሞ ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ።

በሙያው ያሉ ሰዎች ትምህርቱን በአምስት ይከፍሉታል፦ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት ማስተዋል፣ ከሰው ጋር መግባባት እና አስቦ መወሰን። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ንዴቱን «ንዴት» ብሎ መጥራት ያልቻለ ልጅ ሊገዛው አይችልም፤ የራሱን ያላወቀ የጓደኛውን ፊት አያነብም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ በጠዋት ሰልፍ ላይ «ተከባበሩ፣ አትጣሉ» ይባላል፣ በዚያው ያበቃል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ይህን ትምህርት የሚሰጡ 213 የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችንና ከ270,000 በላይ ተማሪዎችን አንድ ላይ አይቷል፤ አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ናቸው። ትምህርቱን ያገኙት ልጆች ጠባያቸው ብቻ ሳይሆን የቀለም ትምህርት ውጤታቸውም ተሻሽሏል፤ ልዩነቱ በአማካይ 11 የፐርሰንታይል ነጥብ ነው። መቶ ልጆች በውጤት ቢሰለፉ፣ መሃል ላይ የነበረው ልጅ አሥራ አንድ ሰው ያህል ወደ ፊት ተራመደ እንደ ማለት ነው። በደንብ የሠሩት ፕሮግራሞች አራት ነገሮችን ያሟሉ ነበሩ፦ ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፣ ልጆቹ ራሳቸው ይለማመዳሉ፣ ለዚሁ ብቻ የተመደበ ጊዜ አለ፣ ዛሬ የሚማሩት ክህሎትም በስሙ ይነገራቸዋል። አንዳቸውም ገንዘብ አይጠይቁም።

እኛ አምስተኛ እንጨምራለን፤ ትምህርት ቤትና ቤት አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀሙ። ክፍል ውስጥ «ምን ተሰማህ?» የተባለ ልጅ ቤት ሲገባ «ለዚህም ታለቅሳለህ?» ከተባለ፣ የትኛው እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆን አሠራር ነው። በአራዳ፣ በቂርቆስና በልደታ ያሉ ክፍሎች ጠባብ መሆናቸውን፣ የመምህሩ ጊዜ አጭር መሆኑንና የተለየ ቁሳቁስ እንደማይገኝ ታሳቢ አድርገናል። በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ይበቃል።

ቃሉ ይቅደም

የአዲስ አበባ ልጅ ለሁሉም ስሜት የሚሆን አንድ ቃል አለው፦ «ደበረኝ»። ጓደኛው ሳያጫውተው ሲቀር ይደብረዋል፣ ሒሳቡ ሲረዝም ይደብረዋል፣ ሰው ፊት ሲቆጡት ይደብረዋል፣ አያቱ ሆስፒታል ሲገቡም ይደብረዋል። የመጀመሪያው መከፋት ነው፤ ሁለተኛው መሰልቸት፣ ሦስተኛው እፍረት፣ አራተኛው ጭንቀት። መፍትሔያቸው አንድ አይደለም። ለሰለቸው ልጅ ሥራ መቀየር ይረዳዋል፤ ያፈረውን ልጅ ግን ሥራ ብትቀይሩለት እፍረቱ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ «ደበረኝ» ባለ ቁጥር ቃሉን አትከልክሉት፤ ፈልፍሉት፦ «የደበረህ ሰልችቶህ ነው ወይስ ከፍቶህ?»

አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ይቃጠላል፣ ቆሽት ያርራል፣ ደም ይፈላል፣ ልብ ይሰበራል። ቋንቋው ስሜት ሰውነት ላይ የሚታወቅ ነገር መሆኑን ከጥንት ያውቀዋል፤ ለማስተማር ከዚህ የተመቸ በር አይገኝም። የመጀመሪያውን የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ስጡት። አንድ ልጅ በሚያክል ወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ሣሉ (ሁለት የፍሊፕቻርት ወረቀት በፕላስተር ቢያያዝ ይበቃል)፤ ከዚያ «ስትናደዱ መጀመሪያ የት ይታወቃችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ጡጫውን ያሳያል፣ አንዷ ጆሮዬ ይግላል ትላለች፣ ሌላው ሆዱን ይይዛል። ሁሉንም ቅርጹ ላይ አመልክቱ። ይህ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ጆሮው መጋሉን ያወቀ ልጅ እጁ ከመዘርጋቱ በፊት ጥቂት ሰከንድ ያገኛል።

በመጀመሪያው ሳምንት አራት ቃል ብቻ አስተምሩ፦ ደስ አለኝ፣ ተናደድኩ፣ ፈራሁ፣ ከፋኝ። ቃሎቹን «ደስታ»፣ «ንዴት» እያላችሁ ሳይሆን ልጁ በሚናገርበት መልክ ጻፏቸው፤ «ንዴት» የሚለውን ያነበበ ልጅ ቃሉን ያውቃል እንጂ አፉ ላይ አይመጣለትም። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ጨምሩ፤ የሚምታቱትን አንድ ላይ፦ አፈርኩና ተጸጸትኩ፤ ቀናሁና ጓጓሁ፤ ሰለቸኝና ደከመኝ፤ ደነገጥኩና ተጨነቅኩ፤ ናፈቀኝና ብቸኝነት ተሰማኝ፤ ቅር አለኝና ተበሳጨሁ፤ ኮራሁና እፎይ አልኩ። በስምንተኛው ሳምንት 18 ይሞላሉ። ከዚያ በላይ አትቸኩሉ፤ በወረቀት ላይ ያሉ 40 ቃላት የሚያገለግሉት ግድግዳ ለማስጌጥ ነው።

ሃምሳ ልጅ በየጠዋቱ ስሜቱን እንዲናገር ማድረግ አይቻልም። ይህ ግን ይቻላል፦ ሁሉም ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና ከአንድ እስከ አምስት ጣት ያሳያል፤ አምስት ማለት «በጣም ደህና ነኝ»፣ አንድ ማለት «ዛሬ ከብዶኛል»። እጁ ደረት ላይ ስለሆነ የሚያየው መምህሩ ነው እንጂ ጎረቤቱ አይደለም። ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ጣት ያሳየውን ልጅ እዚያው «ምን ሆንክ?» ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ በማግስቱ አምስት ጣት ያሳያችኋል፣ ከዚያ ወዲያ እውነቱን አታገኙም። የክፍል ሥራ ሲሠሩ በዝግታ አጠገቡ ሄዳችሁ ጎንበስ በሉ።

ሁለት ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ «ምን ተሰማህ?» ሲባል «ምንም» የሚል ልጅ ደብቆ ላይሆን ይችላል፤ ቃሉ ጠፍቶበት ነው። ሁለት ምርጫ ስጡት፦ «ከፍቶህ ነው ወይስ ተናደህ?» ሁለተኛው፣ ስሜትን ጥሩና መጥፎ ብላችሁ አትክፈሉ። «መናደድ ይቻላል፣ መማታት አይቻልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግድግዳው ላይ ቢሰቀል መልካም ነው። ቤቱ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ልጅ ካለ ቃሉን በራሱ ቋንቋ ከአማርኛው ጎን ይጻፍ፤ ስሜት መጀመሪያ የሚመጣው በእናት ቋንቋ ነው።

ንዴት ሲመጣ

የተናደደን ልጅ «ተረጋጋ!» ማለት መዋኘት ያልተማረን ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ ዋኝ እንደ ማለት ነው። በንዴት ሰዓት ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ አእምሮ አዲስ ነገር አይቀበልም። ስለዚህ መረጋጋትን የምታስተምሩት ሁሉም በተረጋጋበት ሰዓት ነው።

ዘዴው ቀላል ነው፦ አራት እስኪቆጠር በአፍንጫ መሳብ፣ ስድስት እስኪቆጠር በአፍ ማስወጣት፣ አምስት ጊዜ። በጠቅላላው 50 ሰከንድ ያህል ነው። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው መርዘሙ ዋናው ነገር ነው፤ ትንፋሽ ስናወጣ የልብ ምት ይቀንሳል። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጆች ቁጥሩን ተዉትና ስኒ አስይዟቸው፦ መዳፋቸውን እንደ ስኒ አድርገው «የቡናውን ሽታ ሳቡ… አሁን እንዳያቃጥላችሁ ቀስ አድርጋችሁ እፍ በሉ።» ቡና ሲፈላ ያላየ ልጅ ስለሌለ ወዲያው ይገባቸዋል።

በየቀኑ ከእረፍት መልስ አንዴ ይሠራ። ለ10 የትምህርት ቀናት ያህል ሳይለማመዱ በጠብ ሰዓት አትጠይቋቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይስቃሉ፤ ተዋቸው፣ ይበርዳል። አንድ ልጅ አዞረኝ ካለ በኃይል እየሳበ ነው፤ ትንፋሹ እንደወትሮው ይሁን፣ የሚረዝመው መውጫው ብቻ ነው። ዓይን ጨፍኑ ብላችሁ አታስገድዱ፤ ሲጨፍኑ የሚፈሩ ልጆች አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መተንፈስን ቅጣት አታድርጉት። «ሂድ እዚያ ቆመህ ተንፍስ!» ከተባለ ዘዴው በዚያው ቀን ሞተ።

ለአንዳንድ ልጅ መተንፈስ አይሠራም፤ ኃይሉ መውጣት ይፈልጋል። ለእሱ ግድግዳ በሁለት እጅ 10 ሰከንድ መግፋት፣ ሦስት ጊዜ፤ ወይም ውሃ በዝግታ መጠጣት፤ ወይም መዝገቡን ወደ ቢሮ አድርሶ መመለስ። ማረፊያ ጥግ የሚሆን ቦታ ከሌለ በመስኮቱ አጠገብ አንድ ቦታ ምረጡ፤ ማንም ልጅ ጠይቆ 3 ደቂቃ ቆሞ ይመለሳል። ሲመለስ ንግግር አይደረግበትም።

ስለ ኩርፊያም እንናገር፤ እኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ። ያኮረፈ ልጅ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ክብሩ ሳይነካ የሚመለስበት መንገድ ስላጣ ነው። መንገዱን ስጡት፦ ዝም ማለት ይችላል፣ ግን ዝም ከማለቱ በፊት «አሁን ማውራት አልፈልግም፤ ከምሳ በኋላ እናገራለሁ» ይበል። ከምሳ በኋላ እናንተ ሄዳችሁ ጠይቁት። ትልልቆችም ራሳቸውን ይዩ። ልጅን ለሁለትና ሦስት ቀን ማኩረፍ ልጁን ጥፋቱን አያስተምረውም፤ ፍቅር በማንኛውም ሰዓት የሚቋረጥ ነገር መሆኑን ነው የሚያስተምረው።

መናገርና ማዳመጥ

ሦስት ልጅ የሚቀመጥበት ዴስክ ችግር ሆኖ ይታያል፤ ለማዳመጥ ልምምድ ግን ተመራጭ ነው። አንዱ ለ1 ደቂቃ ይናገራል («ትናንት ደስ ያለኝ ነገር»)፣ ሁለተኛው የሰማውን በራሱ ቃል ለግማሽ ደቂቃ ይደግማል፣ ሦስተኛው የጎደለ ካለ ይጨምራል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ሦስቱም ዙር ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። የሚደግመው ልጅ አስተያየት፣ ምክር ወይም «እኔም እኮ…» እንዳይጨምር ተቆጣጠሩ፤ ከባዱ እሱ ነው፣ ለትልቅ ሰውም ቢሆን።

ቅሬታን ለመናገር ደግሞ ሦስት ክፍል ያለው ዓረፍተ ነገር አስተምሩ፦ ምን እንዳደረግክ፣ ምን እንደተሰማኝ፣ ምን እንደምፈልግ። «በቅጽል ስም ስትጠሪኝ አፈርኩ፤ በስሜ ጥሪኝ።» ልጆች ቶሎ የሚሳሳቱት መሃለኛው ላይ ነው። «ክፉ እንደሆንሽ ተሰማኝ» ስሜት አይደለም፣ ስድብ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የተባለው ቃል ከ18ቱ ውስጥ ካለ ስሜት ነው፣ ከሌለ ይታረም። ሌላው ስህተት «ሁሌ» እና «መቼም» ናቸው፤ «ሁሌ ትወስዳለህ» ሲባል ያኛው ወዲያው «መቼ?» ብሎ ክርክር ይከፍታል።

ወላጆች እዚህ ላይ የሚያነሱት ስጋት አለ፤ ልጄ አፍ ያወጣል፣ ትልቅ ሰው ፊት ይመልሳል የሚል። ስጋቱን በአክብሮት ልንሰማው ይገባል፤ ጨዋነት የቤታችን ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ጨዋነትና ዝምታ አንድ አይደሉም፤ ዝም ማለትን ብቻ የተማረ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ሲበድለውም ዝም ይላል። ስለዚህ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለትልቅ ሰው በሚሆን አክብሮት አስተምሩት፦ «ቲቸር፣ ልጆች ፊት ሲቆጡኝ አፈርኩ፤ ብቻዬን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።» «አባዬ፣ ድምፅህን ስትጨምር ፈራሁ።» በክፍል ውስጥ መምህሩ ራሱ የአባት ቦታ ይዞ ልጆቹ ይሞክሩት።

ጠብና እርቅ

«ይቅርታ በለው!» ሲባል መሬት እያየ «ይቅርታ» የሚል ልጅ የተማረው ነገር ቢኖር ቃሉ ከጣጣ እንደሚያወጣ ነው። ይቅርታ ሦስት ነገር ይኑረው፦ ያደረገውን መናገር («ደብተርህን ቀደድኩ»)፣ ያኛው ላይ የደረሰውን መናገር («የቤት ሥራህ ጠፋብህ»)፣ የሚያስተካክለውን መናገር («ዛሬ አብሬህ እገለብጣለሁ»)። ሁለቱም እስኪበርድላቸው አትጠይቁ፤ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ፣ ሲሆን ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በኋላ። ተበዳዩም ወዲያው «ይቅር ብዬሃለሁ» እንዲል አይገደድ፤ «ሰምቻለሁ» ካለ ለዛሬ ይበቃል።

ልጆቹ ሽምግልናን ከሰፈርና ከዘመድ ያውቁታል፤ ያንን አምጡት። ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ልጆች፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ ክፍሉ ራሱ ይምረጥ። ጎበዝ ተማሪዎቹን ብቻ አትሹሙ፤ አንዳንዴ ሲጣላ የኖረ ልጅ ምርጡ አስታራቂ ይሆናል። ሥራቸው አራት ደረጃ አለው። ሁለቱም ሳይቋረጡ ተራ በተራ ይናገራሉ፤ እያንዳንዱ ያኛው ያለውን ይደግማል፤ ሁለቱም መፍትሔ ያቀርባሉ፤ የሚስማሙበትን በአንድ መስመር ጽፈው በማግስቱ ይጠየቃሉ። ሽማግሌዎቹ አይፈርዱም። ልጆች ከያዙት በኋላ ቶሎ የሚንሸራተቱት ወደ ዳኝነት ስለሆነ በሳምንት አንዴ 15 ደቂቃ ከመምህር ጋር ተቀምጠው ያደረጉትን ይገምግሙ። ደም የፈሰሰበት፣ ማስፈራሪያ ያለበት፣ ገላ መነካካት ያለበት፣ አንዱ ሌላውን ለብዙ ጊዜ ሲያጠቃ የኖረበት ጉዳይ ወደ ልጆቹ አይሄድም፤ ወዲያው ለአዋቂ ይነገራል። የቆየ ጥቃት እርቅ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ማስቆም ነው።

ብዙ ክፍሎች ውስጥ ደግሞ መምህሩ ሲወጣ ሞኒተሩ የረባሾችን ስም ይጽፋል። ይህን አሠራር ቢተዉት እንመክራለን። ሞኒተሩ ጓደኞቹን ያስቀራል፣ የተጣላውን ይጽፋል፣ በስሙ ላይ ኤክስ ይደረድርበታል፤ ልጆቹ የሚማሩት ሥልጣን ለምን እንደሚውል ነው። በምትኩ ሞኒተሩ የተሠራውን ይጻፍ፦ የትኛው ዴስክ ሥራውን እንደጨረሰ፣ ማን ማንን እንደረዳ።

አለንጋና ማንበርከክ ዛሬም ያልጠፉበት ክፍል አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከሕጉ ውጭም ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በትር የያዘ ሰው ፊት ልጅ ስሜቱን አይናገርም፣ ይደብቃል። ሁለቱን በአንድ ክፍል ማካሄድ አይቻልም።

ቤት ውስጥ

ወላጅ ከሜክሲኮ ወይም ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፎ ቤት የሚገባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቤተሰብ የምንጠይቀው በቀን 10 ደቂቃ ነው፤ ስልክ ሳይያዝ፣ ቴሌቪዥን ሳይከፈት። ያን ሰዓት የሚይዙት አያት ወይም ቤት ውስጥ የምታግዘው እህት ከሆኑ ቃሎቹን እነሱም ይወቋቸው። ከልጁ ጋር ቀኑን የሚያሳልፈው ሰው ሳይነገረው ለእናትና ለአባት ብቻ ማስረዳት ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል።

«ትምህርት እንዴት ነበር?» አትበሉ፤ መልሱ «ጥሩ» ነው፣ ወሬው አለቀ። «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ተጫወትሽ?»፣ «ዛሬ ማን አሳቀህ?»፣ «ከሁሉም የከበደህ ሰዓት የቱ ነበር?» በሉ። ካወራ በኋላ ቶሎ ወደ ምክር አትሂዱ። መጀመሪያ የሰማችሁትን መልሱለት፦ «ሳያጫውቱህ ሲቀሩ ከፋህ።» ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻዋን የብዙ ልጅን እንባ ታቆማለች፤ ተሰምቻለሁ ይላልና። ከዚያ «ነገ ምን ልታደርግ አሰብክ?» ብላችሁ ጠብቁ። ዝምታው ቢረዝም ታገሡ።

ቡና በሚፈላበት ቀን ልጆች አብዛኛውን ጊዜ «ሂዱ ውጭ ተጫወቱ» ይባላሉ። ከአቦል እስከ ቶና ያለውን ጊዜ ለልጁ ስጡት፤ ሳምንቱን እሱ ያውራ፣ ትልልቆች ያዳምጡ። ሰው ፊት ተራ ጠብቆ መናገርን ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ መድረክ ምን አለ? እንቆቅልሽም እንደዚሁ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ መመለስ፣ ተራ መጠበቅ፣ ያላወቀው አላውቅም ብሎ «ሀገር መስጠት» ሁሉ በጨዋታ ውስጥ መሸነፍን ያስተምራል። ገበጣም ለዚሁ ይሆናል፤ ልጁን ሁሌ እንዲያሸንፍ አትልቀቁለት። ሲሸነፍ ፊቱን እዩና ስሜቱን ጥሩለት፣ ከዚያ ሌላ ዙር ተጫወቱ።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው አባባል ጉዳቱ ከሚታሰበው በላይ ነው። ማልቀስ የተከለከለ ልጅ የሚቀረው የተፈቀደለት ስሜት ንዴት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃቱንም ኀዘኑንም በጡጫ ይናገራል። ክፍል ውስጥ ብዙ የሚማቱ ወንዶች ልጆች ሲጠየቁ ከንዴቱ በታች መከፋት ይገኛል። በሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ማልቀስ ይፈቀድላቸዋል፣ መናደድ ግን «ሴት ልጅ እንዲህ አትሆንም» ይባልባቸዋል።

ካርድ የሚሰጥበት ቀን ለብቻው መዘጋጀት ይፈልጋል። «ስንተኛ ወጣህ?» የመጀመሪያው ጥያቄ አይሁን። ሃያኛ የወጣ ልጅ ከበሩ ጀምሮ ፊታችሁን እያነበበ ነው የሚገባው። ካርዱን አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩ፤ መጀመሪያ የተሻሻለውን፣ ቀጥሎ የወረደውን፣ ከዚያ ለወረደው አንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ ለምሳሌ በቀን 15 ደቂቃ ንባብ። የጎረቤት ወይም የአክስት ልጅ ስም በዚያ ቀን አይነሣ።

እናንተም ትናደዳላችሁ፤ ልጁ ሳያየው አይቀርም። «ዛሬ ሥራ ቦታ ተበሳጭቼ ነው፤ አንተ ላይ አይደለም፤ አምስት ደቂቃ ስጠኝ» ማለት ከማንኛውም ትምህርት በላይ ያስተምረዋል። ከጮኻችሁ በኋላ ባለ ሦስት ክፍሉን ይቅርታ እናንተም ጠይቁት። የወላጅነት ክብር በዚህ አይቀንስም።

ትምህርት ቤቱ በበኩሉ የሳምንቱን ሁለት ቃልና አንድ ጥያቄ በየዓርቡ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይላክ፤ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ድምፅ ጭምር፤ ማንበብ የማይችሉ አያቶች አሉ። ስልክ ለሌላቸው ግማሽ ገጽ ወረቀት ደብተር ውስጥ ይታጠፍ። የአንድን ልጅ ስሜት ወይም ጥፋት ግን ግሩፕ ላይ በፍጹም አትጻፉ።

ሰፈሩን የለቀቀ ልጅ

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል። አንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤቱን ላለመልቀቅ ከሩቅ ይመላለሳል፤ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ገና ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሣ ነው። ሌላው አዲስ ክፍል ገብቶ ማንንም አያውቅም። ሁለቱም ጎረቤት፣ የሰፈር ጓደኛ፣ ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ አጥተዋል። «ናፈቀኝ» የሚለውን ቃል በዚያ ሳምንት ብታስተምሩት ጥሩ ነው፤ የሰፈራቸውን ካርታ ከነሱቁ፣ ከነዛፉ፣ ከነጓደኛው ቤት ይሣሉ፤ ቢያለቅሱም አታስቆሟቸው። ለአዲስ ገቢ ልጅ ለ10 የትምህርት ቀናት አንድ አጃቢ መድቡ፦ መጸዳጃ የሚያሳይ፣ በምሳ ሰዓት አብሮ የሚቀመጥ፣ ሱዚም ይሁን ብይ ወደ ጨዋታው የሚያስገባ። የሚለቅ ልጅ ካለ ደግሞ ሳይሰናበት አይሂድ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ጽፎለት በአንድ ወረቀት ይዞት ይሂድ።

እየሠራ መሆኑን ማወቅ

ስሜትን በማርክ አትመዝኑ፤ «ርኅራኄ፦ 7/10» የሚል ነገር ካርድ ላይ ከወጣ ልጆቹ ማስመሰል ይጀምራሉ። ቆጠራ ግን ይረዳል። ከመጀመራችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ከእረፍት በኋላ ወደ መምህር የመጡ ክሶችን በመስመር ቁጠሩ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ቀጥሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ቁጥሩ ቢጨምር አትደንግጡ፤ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች መናገር ስለጀመሩ ሊሆን ይችላል። መቀነስ ያለበት መማታቱ ነው፣ ስለዚህ የመማታትና የቃል ክሶችን ለየብቻ ቁጠሩ። እስከ አሥረኛው ሳምንት መማታቱ ካልቀነሰ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የየቀኑ 10 ደቂቃ በፈተና ሰሞን ተዘሏል፣ ወይ አንዱ መምህር በሚያስተምርበት ክፍለ ጊዜ አሠራሩ ሌላ ነው።

ከመምህርና ከወላጅ አቅም በላይ የሚሆንም አለ። ልጅ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልተኛ፣ ምግብ ካቆመ፣ የሚወደውን ጨዋታ ከተወ፣ ትምህርት ቤት መሄድን በፍርሃት እምቢ ካለ፣ ወይም ድንገት ሽንቱ ማምለጥ ከጀመረ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከዚያ እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳሉ ተቋማት ሪፈር ይጻፍለታል። «ብሞት ይሻለኛል» ያለ ልጅ ሁለት ሳምንት አይጠበቅለትም፤ በዚያው ቀን ይሂድ፣ እስኪደርስም ብቻውን አይተው።

የሴሚስተር ዕረፍት አልቆ ሲመለሱ ልጆቹ ብዙውን ረስተውት ታገኛላችሁ። ይህ የተለመደ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አዲስ ቃል አትጨምሩ፤ ከአራቱ ጀምሩና 18ቱን ከልሱ፣ የስኒውን ትንፋሽ መልሱ፣ ዴስኩ ላይ ያሉትን ሦስት ልጆች ቀያይሩ።